ተወርዋሪ ኮከብን በጆሮ ስለ መጠበቅ



በክረምት ጊዜ ወደ እኛ ዘንድ ለትምህርት ለሚመጡት ልጆች ስለ ሰማይ ነገር ስናስተምር፣ በየዓመቱ የምናፍርበት አንድ ትምህርት ነበረን። ይኸውም ለነሐሴ 7 ቀን አጥቢያ ባለው ሌሊት ተወርዋሪ ከዋክብት ከሌላው ጊዜ ይልቅ በዝተው የሚወረወሩ መሆናቸውን እንነግራቸዋለን፤ የሌላው አገር ሊቃውንት ፐርሴይድ እንደሚሏቸው፣ መነሻቸውም ስዊፍት ተትል የተባለችው ጅራታም ኮከብ በመንገዷ ላይ ትታው የሄደችው ትቢያ እንደ ሆነ እናስረዳቸዋለን። ልጆቹም በማግሥቱ ይመጡና «የኔታ፣ እኛስ ያየነው ደመና ብቻ ነው» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ነሐሴ በደጋው አገር ሰማዩ እንደ ድስት ተከድኖ የሚያድርበት ወር ነው። በፍልሰታ ጾም ሱባኤ ይዞ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር ሰው እንኳ ቀና ቢል የሚያየው ጨለማና ጭጋግ ነው። እንግዲህ ለብዙ ዓመት ያስተማርነው ነገር እኛ ራሳችን በዓይናችን ያላየነው፣ ከተማሪዎቻችንም አንድ ስንኳ ሊመሰክርልን የማይችል ነገር ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ደመና የማያግደው መጠበቂያ ማማ አግኝተናል። እርሱም ከአሮጌ መኪና የወጣ አንድ ራዲዮ ነው። በዛሬው ዓምዳችን አንባቢ በቤቱ ይህን ሥራ እንዴት ሊጀምር እንደሚችል፣ እኛም ስንጀምር በምን እንደ ተሳሳትን እንጽፋለን።

አስቀድሞ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንበል። ኮከብ ተወረወረ ማለት የቋንቋ ልማድ ነው እንጂ ከከዋክብት አንዱም ከስፍራው አልተነቀለም። የሚወረወረው ከጤፍ ቅንጣት እስከ ሽንብራ ፍሬ የሚያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ የትቢያና የድንጋይ ስባሪ ነው። ይህ ስባሪ ወደ ምድር አየር የሚገባው በሴኮንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው፤ የፐርሴይድ ትቢያ በሴኮንድ 59 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣልና ከአዲስ አበባ አዳማ ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅበትም። በእንዲህ ያለ ፍጥነት አየሩን ሲገጨው፣ ከምድር በላይ በ80 እና በ120 ኪሎ ሜትር መካከል ነድዶ ያልቃል። ዓይን የሚያየው የዚያን ጊዜውን ብርሃን ነው። ነገር ግን ስባሪው ባለፈበት መንገድ ላይ ያለው አየር ከሙቀቱ የተነሣ ኤሌክትሮኖቹ ይላቀቁና በኤሌክትሪክ የተሞላ ረጅም ክር ይሆናል። ይህም ክር የራዲዮን ሞገድ እንደ መስተዋት ይመልሳል።

ኤፍ.ኤም. የምንለው የራዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ምድርም ክብ ስለ ሆነች ከአድማስ ባሻገር ያለውን ጣቢያ አንሰማም። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ቢለካ 1170 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዚያ ከተማ ጣቢያዎች የሚናገሩት ቃል እኛ ዘንድ ሳይደርስ ከራሳችን በላይ አልፎ ወደ ጠፈር ይሄዳል። በመካከሉ ግን፣ በቦረና ምድር ላይ ባለው ሰማይ፣ አንዲት የትቢያ ቅንጣት ነድዳ ክሯን በዘረጋች ጊዜ ከናይሮቢ የወጣው ሞገድ በዚያ ክር ላይ ነጥሮ ወደ እኛ ይወርዳል። ባዶ በነበረው የራዲዮ ቍጥር ላይ ድንገት የዘፈን ምት ወይም የሰው ቃል ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አብዛኛው አንድ ሴኮንድ አይሞላም፤ ትልልቆቹ ብዙ ሴኮንድ ይቈያሉ፤ አልፎ አልፎም ከአንድ ደቂቃ የሚያልፍ አለ። እኛ በመጀመሪያ የሰማነው አንድ የከበሮ ምትና ተከትሎት የመጣ ግማሽ ቃል ነበር። አብሮን የተቀመጠው ልጃችን «አባባ፣ ‹ሀባ› አለ!» ብሎ ተነሣ። ሀባሪ ማለት በስዋሂሊ ቋንቋ ወሬ ማለት ነው፤ የቀረችውን «ሪ» ለመስማት ትቢያው አልበቃም።

ይህ ነገር እንዴት እንደ ታወቀ ማወቅ ለልጆች ደስ የሚያሰኝ ነውና በአጭሩ እንተርከው፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ራዳር የአየር ጠላትን ለመጠበቅ ሲሠራ፣ ማንም በሌለበት ሰማይ ላይ አንዳች ነገር እየነካ የሚመለስ ሞገድ ያስቸግር ነበር። ጦርነቱ በ1945 ከተፈጸመ በኋላ በርናርድ ላቨል የተባለው የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ከጦሩ የተረፈ ራዳር ይዞ ከጠፈር ስለሚመጣው ጨረር ሊመረምር ተነሣ። ነገር ግን የከተማይቱ የኤሌክትሪክ ትራም መሣሪያውን በጩኸት ስለ ሞላበት፣ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ዩኒቨርሲቲው ለዕፀዋት ትምህርት ወደ ያዘው የገጠር መሬት፣ ጆድረል ባንክ ወደሚባለው ስፍራ ተሰደደ። በዚያም የፈለገውን ጨረር ሳይሆን ያልፈለገውን ተወርዋሪ ኮከብ አገኘ። ላቨል ስለ ተወርዋሪ ከዋክብት የሚያውቀው ጥቂት ነበርና፣ ያስተማረው ማኒንግ ፕሬንቲስ የተባለ ሰው ነው፤ ይህ ሰው ሥራው ጥብቅና ሆኖ ሳለ በትርፍ ጊዜው ሰማይን በዓይኑ ሲጠብቅ የኖረ ነበር። እርሱ በሜዳው ላይ ሆኖ ያየውን ሲናገር፣ ሌሎቹ በራዳሩ መስተዋት ላይ ከሚያዩት ጋር ያስተያዩ ነበር። በ1947 በበጋቸው ወራት ደግሞ ከዚያ በፊት የሰው ዓይን ያላየውን አገኙ፤ ይኸውም በቀን፣ ፀሐይ በምታበራበት ሰዓት፣ የሚወርደው የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናም ነው። ዛሬም በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት በራዲዮ ለሚጠብቅ ሰው ይሰማል። ላቨል በኋላ እጅግ የታወቀ ሊቅ ሆነ፤ በሚኖርበት መንደር ቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይመታ ነበር።

ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው ራዲዮ፣ አንቴና፣ ሰዓት፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። ራዲዮው ኤፍ.ኤም. የሚይዝ፣ ቍጥሩን በእጅ ሊያቆሙት የሚቻልና የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ጣቢያ በሌለበት ቍጥር ላይ ድምፁን በራሱ የሚዘጋ ራዲዮ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ የምንፈልገው ያንኑ ባዶውን ነውና። ከአሮጌ መኪና የወጣ ራዲዮ ከብዙዎቹ የኪስ ራዲዮኖች ይልቅ ደካማውን ሞገድ ይይዛል፤ በ12 ቮልት ባትሪም ይሠራል። ኮምፒዩተር ያለው ቤት ደግሞ አር.ቲ.ኤል.-ኤስ.ዲ.አር. የምትባለውን ፍላሽ የምታህል ተሰኪ መቀበያ ሊጠቀም ይችላል፤ በመጀመሪያ የተሠራችው ቴሌቪዥን በኮምፒዩተር ለማየት ነበር፤ ዛሬ ግን አማተሮች ሞገዱን በስክሪን ላይ እንደ ሥዕል እያዩ ይቈጥሩባታል። እኛ ግን ለጀማሪ ጆሮን እናስቀድማለን።

አንቴናው በቤት የሚሠራ ነው። የሞገዱን ርዝመት በሜትር ለማወቅ 300ን በሜጋኸርዙ ቍጥር ማካፈል ይበቃል፤ ለ100 ሜጋኸርዝ 3 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የዚህ ግማሽ 1 ሜትር ተኩል ስለ ሆነ፣ ሁለት ክንዶች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዳቸውም 75 ሳንቲ ሜትር፣ በሥራ ላይ ግን ትንሽ አጥሮ 72 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቈረጣሉ። ክንዶቹ የአሉሚኒየም ቱቦ ወይም ወፈር ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢሆኑ ያገለግላሉ። በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ላይ፣ ሳይነካኩ፣ በአንድ መስመር ይታሰራሉ። ወደ ራዲዮው የሚወስደው ገመድ በየቤቱ ያለው የዲሽ ገመድ ነው፤ የገመዱ የመካከል ሽቦ ከአንዱ ክንድ ጋር፣ የውጪው መረብ ከሌላው ክንድ ጋር ይያያዛል። ብዙ ሰው ይህን ገመድ ለቴሌቪዥን ብቻ የተፈጠረ ይመስለዋል፤ ለእንዲህ ያለው አንቴና ግን ልኩ ነው። አንቴናው አጥብቆ የሚሰማው በክንዶቹ ጫፍ አቅጣጫ ሳይሆን በጎንና በጎናቸው ነው፤ ስለዚህ ወደ ደቡብ፣ ወደ ናይሮቢ ለማዳመጥ ክንዶቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋሉ። አግድም ተሰቅሎ ካልሰማ ቀጥ አድርጎ ማቆምም ይሞከራል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ግቢ ያለው ሰው ከቤቱ ራቅ አድርጎ በእንጨት ምሰሶ ላይ ቢያቆመው ይሻላል።

ስለ አደጋው ሳንናገር አናልፍም። አንቴና ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ አይቆምም፤ ቢወድቅ እንኳ ሽቦውን የማይነካበት ርቀት ያስፈልገዋል። ነጎድጓድ ከሩቅ በተሰማ ጊዜ ደግሞ ቈጠራው ወዲያው ይቆማል፤ ገመዱም ከራዲዮው ተነቅሎ ከቤት ውጭ ይወጣል። በክረምት የሚጀምር ሰው ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ለልጆቹ ያስተምር። ዝናሙ ሲጀምር እንነቅለዋለን ማለት ዘግይቶ ማሰብ ነው።

ከዚህ በኋላ ባዶ ቍጥር መፈለግ ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን በቀን ቀስ ብሎ እየዞሩ፣ የአገር ውስጥ ጣቢያ ያለበትን ሁሉ በወረቀት መጻፍ ይገባል። የቀረው፣ እንደ ዝናም የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ያለበት ቍጥር፣ ለእኛ የተዘጋጀ መስኮት ነው። በከተማ መካከል እንዲህ ያለው መስኮት ጥቂት ነው፤ ከከተማ ወጣ ላለ ሰው ይበዛለታል። ከዚያም ባዶ በሆኑት ቍጥሮች ላይ እያንዳንዳቸው ሩብ ሰዓት ያህል ማዳመጥና ብልጭታው የሚበዛበትን መምረጥ ነው። የሩቁ ጣቢያ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅ መልካም ነው። አውሮፕላንም ሞገድን ይመልሳልና፤ ነገር ግን በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከዚያ በላይ ርቀው ያሉትን ሁለት ስፍራዎች በአንድ ጊዜ ሊያይ አይችልም። ተወርዋሪው ኮከብ እጅግ ከፍ ብሎ ስለሚነድ እስከ 2000 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገናኛል።

ሰዓቱን በሚመለከት ሌሊቱን ሁሉ መድከም አያስፈልግም። ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሮጥ ፊቷን የምታደርገው በንጋት ወገን ነው። በዝናም ውስጥ የሚሮጥ ሰው ደረቱ ከጀርባው ይልቅ እንደሚረጥብ፣ እንዲሁም ትቢያው በንጋት ወገን ላለው አገር ይበዛበታል። ስለዚህ ተወርዋሪው በየቀኑ እጅግ የሚበዛው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ እጅግ የሚያንሰውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ለኪዳን የሚነሡ ሰዎች ባሉበት ቤት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ መንቃት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልጆችን ማስነሣት ግን ሌላ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። ፐርሴይድ የሚመነጭበት የሰማይ ወገን ደግሞ በነሐሴ 6 ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ ይወጣና እስከ ንጋት ድረስ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ሰዓት ላይ ይገናኛሉ።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። በመጀመሪያው ዓመት በነሐሴ 5 ሌሊት በአንድ ሰዓት ውስጥ 140 ቈጠርን። ደስታችን ታላቅ ነበር። በማግሥቱ ልጆቹ በተሰበሰቡ ጊዜ ቍጥሩን በሰሌዳ ላይ ጻፍነው፤ ፐርሴይድ ከቀኑ አስቀድሞ በኀይል እንደ መጣ አስረዳን፤ ከራሳችንም ጨምረን ምክንያቱን አብራራን። ከልጆቹ አንዱ፣ ከሁሉ ይልቅ ዝምተኛ የሆነው፣ እጁን አነሣና «የኔታ፣ በዚያ ድምፅ ውስጥ ሰው ይናገር ነበር?» አለን። የምንመልሰው አጣን። የሰማነው ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ነበር እንጂ ቃል ወይም ዜማ አልነበረበትም። በሚቀጥለው ሌሊት በዝግታ ስናዳምጥ ነገሩ ተገለጠ፤ ከተራራው ማዶ በቈላው ላይ መብረቅ ሲያበራ ያ ጠቅታ ይከተለዋል። ነጎድጓዱ ከርቀት የተነሣ አይሰማንም ነበርና አልጠረጠርንም። በማግሥቱ በልጆቹ ፊት 140 የሚለውን ሰርዘን በስፍራው 9 ጻፍን፤ ዘጠኙ ቃል ወይም ዜማ የነበረባቸው ናቸው፤ እነርሱንም ለይተን ምልክት አድርገንባቸው ስለ ነበር ተረፉ። አንዳንዶቹ ልጆች ሳቁ። ዝምተኛው ግን አልሳቀም፤ የሚቀጥለውን ሌሊት ቈጠራ ለእርሱ ሰጠነው።

ስለዚህ ሕጋችን ይህ ሆነ፤ ድምፅ የሌለበት ጠቅታ አይቈጠርም። የማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሣ ጠቅ ይላል። ርካሽ አምፖልና የስልክ ባትሪ መሙያ ደግሞ የማያቋርጥ ጩኸት ያወጣሉ፤ የላቨል ትራም ዛሬ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰክቷል ማለት ነው። ይህን ያወቅነው መብራት በጠፋ ሌሊት ነው። መንደሩ ሁሉ በጨለመ ጊዜ በባትሪ የሚሠራው ራዲዮአችን ጩኸቱ ቀነሰ፣ ብልጭታውም ጠራ። ስለ መብራት መጥፋት ያላጒረመረምንበት ሌሊት እርሱ ብቻ ነው።

የሰሙትን መጻፍ ከመስማት የሚከብድ ሆኖ አገኘነው። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ከአንድ ሴኮንድ ያነሱት ቍጥር፣ ከዚያ የረዘሙት ቍጥር፣ በመጨረሻም ስለ አየሩና ስለ መብራቱ አጭር ማስታወሻ ይጻፋል። በቤታችን ግን ቀኑ ራሱ ክርክር አስነሣ። በዕድሜ የገፉት እናታችን አንድ ምሽት ወረቀቱን አስነብበው «ልጄ፣ ይኸ እኮ ነሐሴ 8 ነው፤ ማታው ገብቷል፤ አንተ ደግሞ 7 ትላለህ» አሉን። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀኑ የሚጀምረው ከምሽት ስለ ሆነ አልተሳሳቱም። ልጃችን ቀኑ የሚለወጠው እንደ ስልኩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው ይላል። በዓለም ያሉ ታዛቢዎች ደግሞ የሚጠቀሙት የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ይህን ለማግኘት ከሌሊቱ ሰዓታችን ላይ 9 መቀነስ ነው፤ የእኛ ሌሊት 10 ሰዓት ለእነርሱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሳይሞላ ግን ለእነርሱ ገና የትናንቱ ቀን ነው። እንግዲህ አንዲት ሌሊት ሦስት ቀን ልትባል ትችላለች። እኛ «ለነሐሴ 8 አጥቢያ» ብለን ጽፈን፣ በጎኑ የግሪንዊችን ሰዓት ማስቀመጥን መረጥን፤ እናታችንም ተስማሙ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ባዶው ስፍራ ነው። ልጃችን ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ተራው በነበረበት ሌሊት በወረቀቱ ላይ 0 ጽፎ አገኘን። ከዚያ በፊት በነበረው ሰዓት 6፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓት 11 ተቈጥሮ ነበርና ነገሩ አጠራጠረን። ስንጠይቀው ተኝቶ እንደ ነበር አልሸሸገም። «ምንም አልሰማሁማ፣ አባባ፤ ያልሰማሁትን ነው የጻፍኩት» አለ። ሊያታልለን አስቦ አልነበረም፤ ለእርሱ ነገሩ አንድ ነበር። እኛ ግን አስቀመጥነውና፣ ሰምቶ ያጣ ሰውና ያልሰማ ሰው አንድ እንዳልሆኑ ብዙ ተነጋገርን። አንድ ሰው ይህን ወረቀት ከዓመታት በኋላ አንሥቶ ቢመለከት፣ በዚያች ሰዓት የትቢያው ወንዝ ተቋረጠ ይላል፤ ምክንያቱንም ይፈልጋል፤ ምናልባትም ያገኝለታል። የአንድ ልጅ እንቅልፍ የሰማይ ታሪክ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜሮ የሚጻፈው ነቅተው ሰምተው ምንም ላላገኙበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ላልተሰማበት ሰዓት አግድም ሰረዝ ተሰርዞ ምክንያቱ ይጻፋል።

እንዲህ ያለው ቍጥር ለራስ ብቻ አይቀርም። በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሜትዮር ድርጅት የአማተሮችን ትዝብት ሲያሰባስብ የኖረ ነው፤ ብዙዎቹ ጠባቂዎች የሚገኙት በአውሮፓ፣ በጃፓንና በአሜሪካ ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ ካለ ደጋ የሚመጣ ንጹሕ መዝገብ የሚናቅ አይሆንም።

በአውሮፓ ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። በዚያ የኤፍ.ኤም. ቍጥሮች የተጨናነቁ ቢሆኑም ከዚህ የሚሻል ነገር አላቸው። በፈረንሣይ አገር ከዲዦን ከተማ ብዙም ሳይርቅ ሳተላይቶችን ለመከታተል የተሠራ ግራቭ የሚባል ራዳር አለ፤ በ143.050 ሜጋኸርዝ ሳያቋርጥ ይሠራጫል። በቤልጂግም ለዚሁ ለተወርዋሪ ከዋክብት ጥናት ብቻ በዱርብ የተተከለ በ49.97 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ማሠራጫ አለ። እነዚህን ተራ የኤፍ.ኤም. ራዲዮ አይሰማቸውም፤ በላይ የጠቀስናት ተሰኪ መቀበያ ትበቃለች። ግራቭን ለመስማት በ143.049 ላይ ዩ.ኤስ.ቢ. በሚባለው አቀባበል ቢያዳምጡ፣ ተወርዋሪው ባለፈ ቍጥር እንደ ዋሽንት ያለች አጭር ፉጨት ይሰማሉ። ቃልና ዜማ ስለሌለው ከእኛው ይልቅ ደረቅ ነው፤ ለመቍጠር ግን ይቀላል።

ለመጀመር ክረምትን መጠበቅ ግድ አይደለም። እንዲያውም ለጀማሪ የሚሻለው ታኅሣሥ ነው። ለታኅሣሥ 5 አጥቢያ ጀሚኒድ የሚባሉት ይወርዳሉ፤ ጳጉሜ 6 ሆና ባለፈች ማግሥት በሚገባው በዘመነ ዮሐንስ ግን ለታኅሣሥ 4 አጥቢያ ይሆናል። ሰማዩ ያን ጊዜ ጥርት ያለ ስለ ሆነ አንዱ ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ በዓይኑ፣ ሌላው በጆሮው ሊጠብቅ ይችላል። ነገር ግን ልጆቹ እንዳያዝኑ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከራሳችን በላይ የምናየውና በራዲዮ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደለም፤ የምንሰማው በቦረና ሰማይ ላይ የሚነደውን ነውና።

ባለፈው ነሐሴ ለ7 አጥቢያ ዝናሙ ያለ ነጎድጓድ ሲያካፋ አደረ። እናታችን ከኪዳን ሲመለሱ ነጠላቸው ረጥቦ ነበር፤ በራዲዮው አጠገብ ያለውን ወረቀት አይተው «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። ልጃችን ተነሥቶ አነበበላቸው፤ ከ9 እስከ 10 ሰዓት 8፤ ከ10 እስከ 11 ሰዓት 12፣ ከነዚህም ሁለቱ ረጃጅም፤ ከ11 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሰረዝ፣ ምክንያት፦ እንቅልፍ፤ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት 7።